መርዶዬን በሚኒባስ ሰማሁ

መሞቴን የሰማሁት ከጎንደር ወደ ገንዳ ውሃ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ የኋላ ወንበር ላይ፣ የሰው ዶሮ ታቅፌ ነው። ዶሮዋ የእትዬ ጥሩወርቅ ነበረች። እትዬ ጥሩወርቅ ኮኪት ውስጥ የእኛ የአጥር ጎረቤት ናቸው። ልጅ ሆኜ ስንት ጊዜ እግሬን ከጭቃ አጥበውኛል። አሁን ግን ጎኔ ተቀምጠው አላወቁኝም። አልፈረድሁባቸውም፤ ከአሥር ወር በፊት ከሰፈር ስወጣ ሻሽ ያሰረች ልጅ ነበርሁ። ስመለስ ድምፄ ይበልጥ ጎርንኗል፣ ከንፈሬ ላይ ጢም ጀማምሮኛል፣ ሱሪ ለብሻለሁ።

«ወዴት ነህ ልጄ?» አሉኝ።

«ኮኪት።»

«ኮኪት ማን ዘመድ አለህ?»

«አቶ ፈንታን አውቃቸዋለሁ» አልሁ። አባቴ መሆኑን ሰፈር ስገባ ራሳቸው ይድረሱበት ብዬ ነው።

«ፈንታን? ኧረ ምስኪን፣ አበባ የምትባለዋ ልጁ ሞተችበት እኮ! ጎንደር ሊያሳክማት ወስዷት በዚያው ቀረች። መንገድ ተዘግቶ ሬሳዋን እንኳ ማምጣት ሳይችል እዚያው ቀበራት። መርዶውን ታኅሣሥ ላይ ነው የተረዳን። እናትየዋማ ፊቷን ነጭታ ነጭታ ልትሞት ነበር።»

አበባ እኔ ነኝ። ሰው የራሱን መርዶ ሲሰማ የሚለው ነገር ስለሌለ አፌ ላይ የመጣውን ተናገርሁ።

«ነፍስ ይማር።»

«ያኑርህ» አሉኝ፣ ዶሮዋንም ተቀበሉኝ።

ይህን የምጽፈው ሁለት ዓይነት ሰው እንዲያነበው ነው። አንደኛው ሰውነቱ ከተሰጠው ስም ጋር አልስማማ ብሎት በፍርሃት የሚኖር ወጣት ነው። ሁለተኛው የዚያ ወጣት አባት ነው። እናቶችም ቢያነቡት አልጠላም፤ እነሱም ጋ እደርሳለሁ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልናገር። እኛ አገር አባት አንቱ ነው የሚባለው፣ እኔም ፊት ለፊት አንቱ ነው የምለው። እዚህ ጽሑፍ ላይ ግን አንቱታው ከብዕሬ አልወጣ አለኝ። አንባቢ ይቅር ይበለኝ።

ሕመሙ የጀመረኝ በአሥራ ሦስት ዓመቴ፣ የሰሊጥ አረም ላይ ነው። ጎንበስ ስል ብሽሽቴ ውስጥ በግራም በቀኝም የሚቆረቁረኝ ነገር አለ። መጀመሪያ ሽምብራ ያህል ነበር። ለማንም አልተናገርሁም። እኩዮቼ የወር አበባ አየን ሲሉ እኔም ጠበቅሁ፤ እነሱ ጡት ሲያወጡ እኔ ትከሻ አወጣሁ። በአሥራ አምስት ዓመቴ ድምፄ ተሰበረ። እናቴ «ጉንፋን ነው» አለች፤ ጉንፋኑ ሁለት ዓመት ቆየ።

ቆላ ውስጥ የማንኛውም ሕመም የመጀመሪያ ስሙ ወባ ነው። ጤና ጣቢያ ሄድሁ። ጣቴን ወግተው ደሜን አዩና ወባ የለም አሉ፤ ብለውም የወባ መድኃኒት ሰጡኝ። ቀጥሎ ካላዛር ተጠረጠረ። ከዚያ አንድ የግል ክሊኒክ «አንጀት ወርዶ ነው፣ ከባድ ነገር እንዳታነሺ» አለኝ። ሐኪሙ ልብሴን አስወልቆ ማየት አፍሮ በቀሚሴ ላይ ነበር የዳሰሰኝ። ሌላው ደግሞ የወር አበባዬ የቀረው ከደም ማነስ ነው ብሎ የብረት ኪኒን አዘዘ። ሰባት ቀን ጠበል ተጠመቅሁ። ጠበሉ አልጎዳኝም። የጎዳኝ አጥማቂው ወረፋ በሚጠብቀው ሰው ሁሉ ፊት «በልጅቷ ላይ የወንድ ዛር አድሯል» ማለታቸው ነው። ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤት አልተመለስሁም። ሲመሽ ልቤ ይመታል፣ ሲነጋ ደግሞ ሰው እንዳያየኝ እጨነቃለሁ። ሁለት ዓመት እንዲህ ኖርሁ።

አባቴ ያኔ ደግ ነበር። ይህን መጻፍ ያመኛል፣ ግን እውነት ነው። ሰሊጡ እንደተሸጠ በጥቅምት ጎንደር ወሰደኝ። እዚያ አንድ ሆስፒታል ስንጠብቅ ካርድ ጠሪው «አበባ ፈንታ!» ሲል እኔ ተነሳሁ። አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ሰው ሁሉ አንገቱን አዞረ፤ አንዷ ሳቋን በነጠላዋ ያዘች። አባቴ ትከሻዬን አቅፎ አስገባኝ። ያቺን እጅ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ዶክተሯ ወጣት ናት። አባቴን ውጭ እንዲጠብቅ ጠየቀችውና ከሁሉ በፊት «ምን ብዬ ልጥራሽ? አበባ ደስ ይልሻል ወይስ ሌላ አለ?» አለችኝ። ይህን የጠየቀኝ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። አልትራሳውንድ ተነሳሁ፣ ደሜ አዲስ አበባ ተልኮ ተመረመረ። ውጤቱ ሲመጣ በቀስታ አስረዳችኝ።

«ማህፀን የለሽም። ብሽሽትሽ ውስጥ የሚቆረቁርሽ የወንድ ዘር ፍሬ ነው፤ ስትወለጂ መውረድ ነበረበት፣ ሳይወርድ ቀረ። ሰውነትሽ የወንድ ሆኖ ጀምሮ ውጭው ሳይጨርስ ቀርቷል ማለት ነው። እርግማን አይደለም፣ እንዲህ ሆነው የሚወለዱ ልጆች አሉ። እንዴት ሆነሽ መኖር እንደምትፈልጊ የምትወስኚው አንቺ ነሽ። ጊዜ ውሰጂ።»

አሥራ ሰባት ዓመት ወስጄ ስለነበር ተጨማሪ አላስፈለገኝም። «አበበ በሉኝ» አልኋት።

ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ። በየሦስት ሳምንቱ ደግሞ የሆርሞን መርፌ ተጀመረልኝ። ሆርሞን ሰውነት ራሱ እያመነጨ ጢሙንም፣ ጉልበቱንም፣ ስሜቱንም የሚገዛበት ነገር ነው፤ የእኔ ስለማይበቃ በመርፌ ይሞላልኛል። ዶክተሯ አባቴን ቢሮዋ አስቀምጣ እንዲህ ስትለው ሰማሁ፤ «መርፌው ሰውነቱን ይረዳዋል። እንዲህ ያሉ ልጆች ሰውነታቸው ድኖ ሆዳቸው የሚታመመው ቤት ሲመለሱ ነው። ሰፈር ውስጥ ማን ይቀበለዋል?»

«አገሩን እኔ አዘጋጀዋለሁ» አላት። ወደ እኔ ዞሮም «ስትመጣ ሁሉም አውቆ ይጠብቅሃል» አለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አለኝ። ከደስታ ብዛት አለቀስሁ።

እሱ ወደ ኮኪት ተመለሰ፣ እኔ ለመርፌው ጎንደር ቀረሁ። ባንዲት ሴትዮ ቤት ተደብዬ፣ ዳቦ ቤት እየሠራሁ አሥር ወር ቆየሁ። ሰውነቴን ያልፈራሁበት የመጀመሪያ ጊዜ እሱ ነው፤ መስታወት ፊት ቆሜ መሳቅ ጀመርሁ። መርፌ ቀን የሚገናኘኝ አንድ የደባርቅ ልጅ ነበር፣ ሕመሙ የእኔው፣ መርፌውም የእኔው። እናቱ ጎኑ ተቀምጣ ስሙን ከነአባቱ ጮክ ብላ ለሁሉም ታስተዋውቃለች፤ እሱ እያፈረ ይስቃል። ዛሬ ትምህርቱን እያጠና ነው፣ ሲደውልልኝም ይስቃል። አንድ መድኃኒት ሁለት ቤት ሲገባ ሁለት ዓይነት እንደሚሆን ያየሁት ከእሱ ነው። እኔ ለአባቴ ስደውል «ቆይ፣ መንገዱ አልረጋም» ይለኛል። ነሐሴ ሲያልቅ መቆየት ሰለቸኝና ሳልነግረው ተሳፈርሁ። የሰማሁትን ሰማሁ።

ከገንዳ ውሃ መናኸሪያ ደወልሁለት። መጣና ከሰው ለይቶ ከጆንያ ክምር ጀርባ ወሰደኝ። አላቀፈኝም።

«ምን አደረጉ፣ አባ?» አልሁት።

«ሰው ሞትን ይረዳል» አለኝ። «ለሞት ለቅሶ አለው፣ ድንኳን አለው፣ ሠልስት አለው። ለዚህ ምን አለው? ምን ብዬ ልንገራቸው? እስኪ አንተ ንገረኝ።»

«እንዳለ መንገር ነው።»

«እንዳለማ ብናገር ያንተም የእኔም ስም የጠላ ቤት መሣቂያ ነው። አሁን ሁሉም አልቅሶ ጨርሷል። አንተ የእህቴ ልጅ ሞላ ነህ፣ ከአርማጭሆ ለአጨዳ የመጣህ። ከሳሉጎቹ ጋር ካምፕ ታድራለህ። ሲረጋጋ እናያለን።»

ሳሉግ የምንለው ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የሚወርደውን የቀን ሠራተኛ ነው። አባቴ በገዛ እርሻው ላይ ቅጥር ሆኜ እንድገባ ጠየቀኝ፣ እኔም እሺ አልሁ። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፣ አልደብቀውም። ስሙን ሲነጥቁት እሺ ያለ ሰው ሌላውንም እየተነጠቀ ይሄዳል። ያን ቀን ሚኒባሱ ሳይመለስ ተሳፍሬ ጎንደር መመለስ ነበረብኝ።

ካምፑ ከቤታችን የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። ሰሊጥ አይጠብቅም፤ ፍሬው ሳይከፈት ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ሂላ ተደርጎ መቆም አለበት። ሂላ ነዶው ቀጥ ብሎ ተደጋግፎ የሚደርቅበት ክምር ነው። አጨዳው በተጀመረ በአምስተኛው ቀን እናቴ ለሳሉጎች ምሳ ይዛ መጣች። ለሁሉም እኩል አወጣች፣ ለእኔ ግን ጨመረች። ወደ ውኃው በርሜል ስትሄድ ተከተልኋት።

«እማ፣ ድንኳን ውስጥ ፊትሽን የነጨሽው እያወቅሽ ነው?»

«ቀስ በል ልጄ፣ ሰው ይሰማል።» አካባቢዋን አየች። «ስጀምር ለሰው ዓይን ነበር። ኋላ ማቆም አቃተኝ። አንተ ስትወለድም እንዲሁ ነው የተጨነቅሁት። አዋላጇ ‹ወንድም ይመስላል ሴትም ይመስላል› ብላኝ፣ በአርባ ቀንህ ክርስትና ላስነሳህ ታቅፌህ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሄድሁ። ፈርቼ ተመለስሁ። በሰማንያህ ወለተ ሥላሴ ብዬ አስነሳሁህ።»

ያን የወባ መድኃኒት ስውጥ ታውቅ ነበር። ሐኪሙ በቀሚሴ ላይ ሲዳስሰኝ፣ አጥማቂው ሲሰድቡኝ፣ ጉንፋን ነው ስትለኝ ሁሉ ታውቅ ነበር። ጠላኋት። ከአባቴ ይልቅ እሷን ጠላሁ፣ ምክንያቱም አባቴ ከካደኝ ዓመት እንኳ አልሞላውም፣ እሷ ግን ከአርባ ቀኔ ጀምሮ ነው።

ሁለተኛው ሕመሜ የጀመረው ከዚያ ነው። ሐኪሞች ድባቴ ይሉታል። ኀዘን ብቻ አይደለም፤ ኀዘንተኛ የሚወደውን ሲያቀርቡለት ይቀምሳል፣ እኔ ጨውና ስኳር አልለይ አልሁ። እንቅልፍ ጠፋ። የሆርሞን መርፌዬም ኮኪትም ገንዳ ውሃም መድኃኒት ቤት ስላልተገኘ ሁለት ጊዜ አለፈኝ፤ ጉልበቴ ከዳኝ። እትዬ ጥሩወርቅ በካምፑ ሲያልፉ «ያችን ምስኪን አበባን ቁርጥ» እያሉ ያዝኑልኛል። አንድ ቀትር ማጭዴን እንደያዝሁ ቆሜ ቀረሁ። አንዴ ተለቅሶልኛል፣ ብሞት ደግሞ የሚቸገር የለም ብዬ አሰብሁ። ሐሳቡ ሲመጣ አለማስፈራቱ ነው ኋላ ያስፈራኝ። እንዲህ ያለ ሐሳብ የመጣበት የሚያነብ ካለ፣ ለብቻህ አትቀመጥ። ሌላ የምመክርህ የለኝም።

እኔን ብቻዬን እንዳልቀመጥ ያደረገኝ ጋሻው ነው። ጋሻው ጎጃሜ ሳሉግ ነው፣ ካምፕ ውስጥ አጠገቤ ይተኛል።

«አንተ ሞላ፣ ምን ሆነሃል? ያጨድኸውን ትተህ እኮ ያላጨድኸውን ታያለህ» አለኝ። ማጭዴን ከእጄ ወስዶ ወገቡ ላይ ሻጠና በትራክተር ጭኖ ጤና ጣቢያ አደረሰኝ። ወባ የለም አሉ። የወባ መድኃኒት ሊሰጡኝ ሲሉ ጋሻው «ልጁ የታመመው ሆዱ ነው፣ ሆድ ስል የምትበሉበትን አይደለም» ብሎ ተቆጣ። ገንዳ ውሃ ወዳለው የአእምሮ ጤና ክፍል ላኩኝ።

የክፍሉ ወረፋ ውጭ፣ ኒም ዛፍ ሥር ነው። መንገድ አላፊው ዞር ብሎ ያየናል፤ ከጎኔ ያለ ሰው ፊቱን በጋቢው ሸፍኗል። ነርሷ ግን ስም አትጠራም። ቁጥር ትሰጥና በቁጥር ታስገባለች። እንዴት ያለች አዋቂ ናት አልሁ። ስገባ ስሜን ጠየቀችኝ።

«የትኛውን?» አልኋት።

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ሁሉንም ነገርኋት፣ ረጅም ጊዜ ወሰደ፤ ውጭ ያለው ወረፋ ሲያጉረመርም ይሰማል። ጨርሼ ስጠብቅ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«በዚህ አገር ሕያው መሆንህን የሚያውቅ ስንት ሰው አለ?»

«ሁለት። ሁለቱም ይክዳሉ።»

«እኔ ሦስተኛ ነኝ። ለሚመጣው ቀጠሮ አራተኛውን አግኝተህ ና። የሚጎዳህን ሰው ግን እንዳትመርጥ።»

ለድባቴው ኪኒን ጀመረችልኝ። ሥራውን ለመጀመር ሳምንታት እንደሚወስድ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ለውጥ የለም ብዬ እንዳልጥለው አስጠነቀቀችኝ። ጎንደር ደውላም መርፌዬን በሹፌር አስመጣችልኝ።

አራተኛው ጋሻው ሆነ። ከሂላው ጥላ ሥር ነገርሁት።

«እና ሞላ አይደለህማ» አለ እየሳቀ። «እኔስ ጋሻው መሰልሁህ? ከሰው ተጣልቼ ነው የወረድሁ። ቆላ ወርዶ ስሙን ያልለወጠ ማን አለ?» ከዚያ ሳቁን አቆመና «ያንተ ግን ይከፋል። ለእኔ ማንም አላለቀሰልኝም» አለኝ።

ኪኒኑ በአምስተኛው ሳምንት አካባቢ ጨውን ከስኳር መለየት አስጀመረኝ። እንቅልፍም በትንሽ በትንሹ ተመለሰ። ታኅሣሥ ሲገባ ግን አባቴ የአበባን ሙት ዓመት ሊያወጣ ድንኳን ተከለ። ሳሉጎቹም ተጠራን። ከሁለት ቀን በፊት ወደ ንስሐ አባታችን ሄድሁ፤ ሞተች ሲባል ፍትሐት ያደረጉልኝ እሳቸው ናቸው። እግራቸው ሥር ተቀምጬ እኔ ማን እንደሆንሁ ነገርኋቸው። አምስተኛው ሰው መሆናቸው ነው።

«ለሕያው ፍትሐት አድርጌያለሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ» አሉ። «ምን ላድርግልህ?»

«ምንም። የዚያን ቀን ሰው ፊት ወላጆቿን ስሟን ይጠይቁልኝ። እውነቱን ይናገሩ እንደሆነ ላያቸው ነው።»

ቀኑ ደረሰ። ድንኳኑ ሞላ፤ እኔ ከሳሉጎች ጋር በር አጠገብ ተቀመጥሁ። ንስሐ አባታችን ማዕዱን ሳይባርኩ ቆሙ።

«የሟቿን ስመ ክርስትና ማን ይነግረኛል?»

«ወለተ ሥላሴ» አለ አባቴ ፈጠን ብሎ።

«እናቲቱ ትንገረኝ።»

እናቴ የወጥ ሳሕን ይዛ መሐል ላይ ነበረች። ወደ እኔ አየች። እውነት ልትናገር ነው ብዬ ጠበቅሁ። አንገቷን ደፋች።

«ወለተ ሥላሴ» አለች።

ከተቀመጥሁበት ተነሳሁ።

«አቤት» አልሁ።

ሰው ሁሉ ዞረ። እናቴ ሳሕኑን መሬት አስቀምጣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አባቴ ማንንም ሳያይ በድንኳኑ ጀርባ ወጣ። እትዬ ጥሩወርቅ ተነሥተው መጡ፣ አገጬን ይዘው ወደ ብርሃን አዞሩኝ፣ ግንባሬ ላይ ያለችውን በልጅነቴ ከአጥራቸው ወድቄ ያመጣኋትን ጠባሳ በአውራ ጣታቸው ዳበሱ።

«ዶሮዬን የያዝህልኝ አንተ ነህ?» አሉ። «ያኑርህ ብዬህ አልነበር? አኖረህ።»

አባቴ እስከ ዛሬ አያናግረኝም፤ እኔም ደጁን አልጠናሁም። ሰፈር ውስጥ የሚስቁብኝ አሉ፣ ጠላ ቤት ስሜ ይነሣል፣ አባቴ ያለው ሁሉ ደርሷል። አልገደለኝም። እናቴ ቅዳሜ ገበያ ስትመጣ ገንዳ ውሃ ተከራይቼ የምኖርበት ቤት በር ላይ በሶ አስቀምጣ ትሄዳለች። በሶውን እበላለሁ፣ ይቅር ግን አላልኋትም። ነርሷም ይቅር የምልበትን ቀን አልቆረጠችልኝም።

ከሙት ዓመቱ በኋላ በነበረኝ ቀጠሮ ኒም ዛፉ ሥር ወረፋዬን ጠብቄ ገባሁ። ካርዴን ከፍታ እንደ ልማዷ ጠየቀችኝ።

«ስንት ደረሱ?»

ድንኳኑን አስታወስሁ፣ ከበሩ እስከ ጥጉ የዞረውን ፊት ሁሉ።

«መቁጠር አቃተኝ» አልኋት።